«አንቺ ብቻ ነይ!»

«በሚያዝያ ለአስር ቀን ወደ ሮም ልሄድ ነው። አብሮ አደጌ እዚያ ነው ያለው። ‹አንቺ ብቻ ነይ፣ ስለ ሌላው አታስቢ› ብሎኛል። ምን ይዤ ልሂድ?» ስትል አንዲት አንባቢያችን ጠይቃለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስልሽ። ጃኬትና ምቹ ጫማ ያዢ። የሮም ሚያዝያ ቀን ቀን ደስ ይላል፤ ጠዋትና ማታ ግን ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡም ሳይታሰብ ዱብ ይላል። በወሩ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከመምሸቱ በፊት የሚደክመው እግርሽ ነው። ፒያሣ ዲ ስፓኛ ያለው ትልቁ ደረጃ በአበባ የሚያሸበርቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ነው። ቆመሽ ፎቶ ተነሺ እንጂ እንዳትቀመጪ፤ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እዚያ ደረጃ ላይ መቀመጥ ያስቀጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «አንተ ብቻ ና» መባልን እኔም አውቃታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በሚያዝያ፣ ሮም የሚኖር የሰፈሬ ልጅ ዘንድ ሄጄ ነበር። በስልክ ሲያወራኝ የደላው ነው የሚመስለው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጠብቆ አቅፎ ሳመኝ፣ ሻንጣዬን ነጠቀኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ወደ ኪሴ መስደድ ተከለከልኩ።

ቡና የምንጠጣው ቁጭ ብለን ነው። ባንኮኒ ላይ ቆሞ የሚጠጣና ወንበር ይዞ የሚጠጣ ሰው አንድ ዓይነት ሂሳብ እንደማይከፍል የት አውቄ! የታሸገ ውሃ በየሰዓቱ እገዛለሁ፤ ማለቴ እሱ ይገዛል። በየመንገዱ ዳር ናዞኒ የሚሏቸው ቧንቧዎች ንጹህ ውሃ በነፃ ሲያፈሱ ይውላሉ። ኮሎሲየም ልግባ አልኩ፣ ገባን። የቫቲካን ሙዚየም አማረኝ፣ ትኬት ቆረጠልኝ።

በስድስተኛው ቀን ማታ አብሮት የሚኖረው ልጅ ጉዱን ነገረኝ። ጓደኛዬ ሥራው አንድ ሽማግሌ መጦር ነው። ለእኔ ሲል አስሩንም ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዷል። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ ኩሽና ውስጥ ነው የሚተኛው። እኔ ደግሞ ቀድሞኝ ስለሚነሳ «እንቅልፍ የማይወድ ሰው» እያልኩ ስቀልድበት ነበር!

ጠዋት ስጠይቀው «ማነው የነገረህ?» ብሎ ተቆጣ። ተኳረፍን። ከሰዓት በኋላ ግን ቤት ያለውን ዳቦ ይዘን በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። በ2005 ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፤ አበበ ቢቂላም በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ በአጠገቡ አልፏል። ቅርብ የሆነው የጽጌረዳ መናፈሻ በፀደይ ይከፈታል፣ መግቢያው ነፃ ነው። ዳቧችንን በላን። ስለ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያጫወተኝ ያን ቀን ነው፤ እስኪመሽ አወራን።

ስለዚህ እህቴ፣ አሁኑኑ ደውዪለት። «እኔ ስመጣ አንተ የት ታድራለህ? ሥራህስ?» በይው። ይስቅብሻል፤ ደግመሽ ጠይቂው። «ምን ላምጣልህ?» ስትዪው «ምንም» ማለቱ አይቀርም፤ አትስሚው፣ በርበሬና ሽሮ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ ግን የአውሮፓ ጉምሩክ አያሳልፍም፣ ተዪው። እንደደረስሽም የመጀመሪያውን ሂሳብ ቀድመሽ ክፈዪ፤ እዚያው ተርሚኒ፣ ቡናውን ቆማችሁ ጠጡ።