የወጥ ቤቱ ጢስ በመስኮት አይወጣም

ስለ ምግብ ቤታችን ብዙ ይባላል። የወጡ መቅጠን፣ የእንጀራው መድረቅ፣ የሰልፉ መርዘም በየጊዜው ይነሣል፤ ወደፊትም መነሣቱ አይቀርም። ዛሬ ግን ልንናገር የፈለግነው ስለሚቀርብልን ሰሐን ሳይሆን፣ ሰሐኑ ከሚሞላበት ክፍል ስለማይወጣው ጢስ ነው።

እንጀራ ጋጋሪዎቹ ሥራ የሚጀምሩት እኛ ተኝተን ሳለን ነው። በአንድ ጣራ ሥር ምጣዶች ተደርድረው ባሕር ዛፍ ይነድባቸዋል። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ከጢሱ ጋር ተቀላቅሎ ከጣራው ሥር ይጠራቀማል። የግድግዳውን ጥላሸት ያየ ሰው፣ የእነዚህ እናቶች ሳንባ ምን እንደሚውጥ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ጉዳዩ ሲነሣ የሚሰጠው መልስ «መስኮት አለ፤ ይከፈት» የሚል ነው። ትኩስ ጢስ ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ መስኮቱ ደግሞ በደረት ልክ ነው። ነፋስ የገባ እንደሆነም ጢሱን መልሶ በጋጋሪዎቹ ፊት ላይ ይበትነዋል። የሚያስፈልገው ከምድጃዎቹ በላይ የተንጠለጠለ፣ በየጎኑ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጢስ መሰብሰቢያ፣ ከእርሱም ተነሥቶ ከጣራው ጫፍ በላይ የሚያልፍ ጢስ ማውጫ ነው። ማራገቢያ ቢጨመርለት ይበልጥ ይስባል፤ ነገር ግን የወጣውን የሚተካ ንጹሕ አየር መግቢያ ካልተበጀለት ማራገቢያው በከንቱ ይጮኻል። ጥብስ በሚሠራበት በኩል ደግሞ የቅባት ማጣሪያ ሊኖርና ቶሎ ቶሎ ሊታጠብ ይገባል። በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ቅባት እሳት ከያዘ ወደ ጣራው ይዞት ይወጣልና።

«ለምደውታል» የሚሉም አሉ። ሳንባ አይለምድም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ግምገማ በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨትን ጢስ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት ጋር መድቦታል፤ እጅግ ከጋለ ዘይት ጥብስ የሚወጣውንም እንዲሁ።

ሥራው ለኮንትራክተር ተሰጥቷልና አስተዳደሩን አይመለከትም የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይገርመናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪውን የሥራው ቦታ የሠራተኛውን ጤንነት እንዳይጎዳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ኮንትራክተሩ በዚህ ይጠየቅ። ጣራውን ቀዶ ጢስ ማውጫ መትከል የሚችለው ግን የሕንፃው ባለቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛል የሚለውን ተስፋ አንጠላም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ወደ ማገዶው መመለስ አለ።

የመመገቢያ አዳራሹ ቀለም ሊቀባ ነው ሲባል ሰምተናል። ቀለሙ ይቆይ። የማኅበራችን የምግብ ኮሚቴ ከአስተዳደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ አንድ ቀን ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ምጣዱ ሁሉ በተጣደበት ጊዜ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቁም። ስለ ቀለሙ የሚነጋገሩት ከዚያ ሲወጡ ይሁን።