ግሉኮሱን ማን ይቆጥረዋል?

እኛ ሀገር ታማሚ ጠይቆ ከሆስፒታል የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «እንዴት ነው?» የሚለውን ነው። ቀጥሎ «ግሉኮስ ተሰክቶለታል?» ይመጣል። ተሰክቶለታል ከተባለ የጠያቂው ፊት ፈታ ይላል፤ ሆስፒታሉ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነውና። የእኛ ዘመን ልጆችማ የተሰካውን እጅ ፎቶ አንስተን «በጸሎት አስቡት» ብለን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በስንት ሰዓት እንዲያልቅ ታዘዘ? ከታማሚው የወጣው ሽንትስ ስንት ነው? ይህን የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ከብረት ዘንግ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ ማለት ለምዶብናል። ብዙ ጊዜ ግን የጨው ውሃ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ያለበት፣ አንዲት ካሎሪ እንኳ የሌለው። ትክክለኛው ባለ 5 በመቶ ግሉኮስም ቢሆን በሊትር የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ነው። ስኳር የሚያበዛ ሰው በሦስት አራት ብርጭቆ ሻይ የሚጨርሰው ማለት ነው። ስለዚህ «አንድ ግሉኮስ ይሰጠኝና ልበርታ» እያሉ ክሊኒክ ለክሊኒክ የሚዞሩ ወገኖቻችን የሚገዙት ብርታት ከሚያስቡት በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቀልዱን እዚህ ላይ እንተወው። በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች በጠና ታመው፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ የደም ዝውውራቸው ተዳክሞ የገቡ 3,141 ሕጻናትን ተከታትሎ ነበር። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10 ተኩል ያህሉ ሲሆኑ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 7 ያህሉ ነበሩ። (በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ሕጻናት በጥናቱ አልተካተቱም፤ እነሱን ፈሳሹ ያድናቸዋል።) ሁሉም «መቼም ፈሳሽ አይጎዳም» ብሎ ያመነበት ነገር ሲመዘን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ይህን ልክ የሚጠብቀው ማነው? ሐኪሙ አዝዞ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ልኩ የሚጠበቀው በነርሷ እጅ ነው። «1 ሊትር በ8 ሰዓት» ተብሎ ከታዘዘ፣ 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሞላ ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ መውረድ አለበት። ፓምፕ በሌለበት ዋርድ ነርሷ ሰዓቷን እያየች ጠብታ ትቆጥራለች፤ ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ታስተካክላለች። ከዚያ ታማሚው ክንዱን ሲያጥፍ ጠብታው ይዘገያል፤ ሲዘረጋ ይፈጥናል። ወይም አስታማሚው «ቶሎ ይለቅና ሽንት ቤት ላድርሰው» ብሎ መዘውሯን ይከፍታታል። የስምንት ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ማንም አላየም።

የገባውን መቁጠር ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የወጣው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ቢያንስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ሊኖረው ይገባል፤ በ24 ሰዓት 720 ማለት ነው። ለተከታታይ ሰዓታት ከዚያ ከወረደ ኩላሊት እየተጨነቀ እንደሆነ ይጠረጠራል። ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ሳይሰማው፣ ደም ተመርምሮም ሳይታይ ቀድሞ የሚመጣ ነው። ሚዛንም ሌላው ምስክር ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና። ትናንት 60 የነበረ ታማሚ ዛሬ 62 ቢሆን፣ ይህ የእናቱ አጥሚት ሥራ አይደለም። ውሃ አዝሎ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛው ዋርድ እንግባ። ፖፖውን ይዞ የሚሄደው፣ የሚደፋው፣ የሚያጥበው ማነው? አስታማሚው! ሾርባውንና ጭማቂውን በማንኪያ የሚያጠጣውስ? አሁንም አስታማሚው። እንግዲህ የፈሳሽ መመዝገቢያው ወረቀት በነርሷ እጅ፣ ፈሳሹ በአስታማሚው እጅ ነው። ተረኛዋ ልትወጣ ስትል «ሸንቷል?» ትላለች። «አዎ ሸንቷል» ትባላለች። «አዎ» ስንት ሚሊ ሊትር ነው?

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዓመት ዘመዱን ሲያስታምም ያየውን ነግሮናል። የሆስፒታሉን ስም አንጠራም። ከጎናቸው አልጋ ላይ ልባቸው የደከመ አባት ተኝተው ነበር። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ፈሳሽ እንዳይወስዱ ታዟል። ትዕዛዙ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል፤ ለልጆቻቸው ግን የነገራቸው የለም። እሑድ ጠያቂ ጎረፈ። አንዷ አጥሚት፣ አንዱ የማንጎ ጭማቂ፣ ሌላዋ የበግ መረቅ ይዛ፣ «በሞቴ ትንሽ ይጠጡልኝ» እየተባለ። ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ የማንንም አልመለሱም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቁጭ ብለው ማደር ግድ ሆነ፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ውሃውን የሚያስወጣ መርፌ ተወጉ። ተረፉ። በማግስቱ ትልቋ ልጅ «ምነው አንድ ሰው ቢነግረን» እያለች ስታለቅስ ነበር። በእሷ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም።

የመድኃኒቱ ነገርም ከዚህ አይለይም። ተማሪ ነርሶች በየትም ሀገር የሚሸመድዱት ነገር አለ፦ ትክክለኛው ታማሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ቀላል ይመስላል። እኛ ሀገር ግን «ትክክለኛው ሰዓት» ራሱ ሁለት ነው! የሆስፒታል ቻርት ላይ 6 ሲባል ለእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፤ አስታማሚው በጆሮው «6» ሲሰማ እኩለ ቀንን ይጠብቃል። «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለውም ወጥመድ ነው። ቁርስ 2 ሰዓት፣ ምሳ 7 ሰዓት፣ እራት ማታ 1 ሰዓት ብለን ከምግብ ጋር ብናስኬደው ሦስቱም ክኒን በ11 ሰዓት ውስጥ ተውጦ ሌሊቱን 13 ሰዓት ባዶ ይታደራል። በየስምንት ሰዓቱ ለታዘዘ አንቲባዮቲክ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብሎ በወረቀት ጽፎ መስጠት ግን የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

«ትክክለኛው ታማሚ»ም እንዲሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ከበደ ቢኖሩ የሚገርም አይደለም። «አቶ ከበደ ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ የደከመ ሰው፣ ተሾመም ቢሆን «አዎ» ይላል፤ እንቅልፉን ነው የሚፈልገው። «ስምዎ ማን ነው? ከነአባት ስምዎ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። የፖታሲየም መርፌ ሳይቀጠን በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 «ጉዳት የሌለበት መድኃኒት» በሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ የጀመረውም ይህ የእኛ ብቻ ችግር ስላልሆነ ነው።

የዚህን ሥራ ባለቤት ግን እንዴት ነው የምናያት? ሴቷን «ሲስተር» እንላታለን። ወንዱን ነርስ ደግሞ «ዶክተር» ብለን እንጠራዋለን፤ ማክበራችን ነው መሰለን! ከዶክተር በታች ያለ ሁሉ ተላላኪ ይመስለናል። የንጉሥ ልጅ የነበረችው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሳለች የመረጠችው ሙያ ነርስነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃ ሀገሯ ገብታ፣ በ1942 በወሊድ ምክንያት ለቀምት ላይ አረፈች። ሆስፒታል ሲሠራ በስሟ ተሰየመ። ሙያዋ ግን በስሟ ልክ ክብር ያገኘ አይመስለንም።

ጤና ሚኒስቴር «ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚል መፈክር ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይም ተለጥፎ አይተነዋል። መልካም ነው። እኛ ግን ከፈገግታ በፊት ቆጠራው ይምጣልን እንላለን። ፊቷን አጨማድዳ ጠብታ የምትቆጥር ነርስ፣ እየሳቀች «ሸንቷል?» ብላ ከምታልፈው ትበልጥብናለች። በእርግጥ አንዲት ተረኛ ሌሊቱን ብቻዋን ዋርድ ሙሉ ሰው እየጠበቀች ሁሉንም ትቁጠር ማለት ግፍ ነው። ለዚህም ነው ጣታችንን ነርሷ ላይ ብቻ የማንቀስረው።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለአስታማሚ አይሰጥም» የሚሉን አሉ። በግማሹ እንስማማለን። አስታማሚ መዘውሯን መንካት የለበትም፣ መድኃኒት ማስላትም የለበትም። ነገር ግን ፖፖውን እየደፋ ያለው እሱ ነው! እየደፋው ካልቀረ ለክቶ ይድፋው። የምንጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። በየአልጋው ሥር ቁጥር የተጻፈበት አንድ የፕላስቲክ ጆግ ይቀመጥ፤ ከሌለም ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይሠራል። አልጋው ላይ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይንጠልጠል። ታማሚው ሲተኛ ነርሷ አስታማሚውን ሁለት ደቂቃ ታስቀምጠው፦ ይህን ያህል መጠጣት ይችላል፣ የጠጣውንና የሸናውን እዚህ ጻፍ፣ ሽንቱ ከዚህ ካነሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ። ተረኞች ሲረካከቡ ደግሞ ድምሩ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን አልጋው አጠገብ፣ አስታማሚው እየሰማ ይነበብ።

እስከዚያው እሑድ ታማሚ ልትጠይቁ የምትሄዱ አንባቢዎቻችን፣ ጭማቂውን ከመግዛታችሁ በፊት አስታማሚው ጋ ደውላችሁ ስንት መጠጣት እንደተፈቀደለት ጠይቁ። «አላውቅም» ካላችሁ፣ ነርሷን ጠይቆ መልሶ እንዲደውልላችሁ ንገሩት።