«ክረምት ይወስደዋል» ስለሚባለው ነገር

ውሃ ሕይወት መሆኑን የማይመሰክር ተማሪ የለም። እኔም ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በዚሁ ርእስ ድርሰት ጽፌ ከ10 ዘጠኝ አግኝቻለሁ። መምህራችን ድርሰቱን በክፍሉ ፊት ካነበቡልኝ በኋላ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ እናቴ ቆሻሻ የሞላውን ማዳበሪያ አንሥቼ እንድደፋ አዘዘችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ተሸክሜ ወስጄ ቀበና ወንዝ ውስጥ ደፋሁት። ድርሰቱና ማዳበሪያው የሚገናኙ ነገሮች መሆናቸው በዚያን ጊዜ ከቶ ትዝ አላለኝም። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያንን ዘጠኝ ማርክ ያለ አግባብ መውሰዴን ለመናዘዝ ጭምር ነው።

በሰፈራችን «ክረምት ይወስደዋል» የሚባል አነጋገር አለ። የተሰበረው ባልዲ፣ ያረጀው ጫማ፣ የሞተው ድመት፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሳይቀር ሁሉም ክረምትን ይጠብቃል። ሐምሌ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የሚጣለው ይጣላል፣ የሚከፈተውም ይከፈታል፤ በማግሥቱ ምንም አይታይም። እውነትም ክረምት ወስዶታል። ነገር ግን ወዴት ነው የወሰደው? ብዙዎቻችን ባሕር የሚገባ ይመስለናል፤ እኔም የጂኦግራፊ መምህራችን በካርታ ላይ እስኪያሳዩን ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽ ደግሞ እንደ ዓባይ ከባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር በረሓ፣ በጅቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ እኛ ጣልነው፣ ተገላገልነው የምንለው ነገር ሁሉ ከቤታችን ወጣ እንጂ ከምድራችን አልወጣም ማለት ነው።

በመንገዱም ላይ ሰው አለ። አዋሽ ከቆቃ ግድብ ካለፈ በኋላ የአዳማ ከተማ ውሃውን አጣርታ ትጠጣዋለች። አክስቴ የሚኖሩት አዳማ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ሳይዙልን አይመጡም፤ እኛ ግን በየክረምቱ ምን እንደምንልክላቸው ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ።

የአባ ሳሙኤልንም ነገር ማንሣት ይገባል። ይህ በ1930ዎቹ ዓ. ም. የተሠራ ግድብ ለአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ማመንጫው ከ40 ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ ቆይቶ በ2009 ዓ. ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ኩሬው ግን ደለልና እምቦጭ የተጫነው ነው። እምቦጭ ከሌላ አገር የመጣ አረም ሲሆን ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ምግቡ ነው፤ እኛ በላክንለት መጠን ይፋፋል።

ከዚህም ሌላ፣ በአቃቂ ዳርቻ በዚሁ ውሃ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ከተማችን ገበያ ይመጣል። አጥኚዎች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልቱ በሥሩ የሳበውን ብረት ደግሞ ማጠብ አያስለቅቀውም።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ይኸውም «ጥፋቱ የፋብሪካ ነው፤ የእኛ ፌስታል ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ክሮሚየሙ ከቆዳ ማልፊያ እንጂ ከእናቴ ማጀት እንዳልወጣ እኔም አላጣሁትም። ፋብሪካን ሕግ ይጠይቀው፤ ዝም ሲል ደግሞ እንዲጠይቀው እንጩኽ። ይሁን እንጂ በየክረምቱ የሚለቀቀው ሽንት ቤት የፋብሪካ አይደለም። ሕፃናትን የሚጥለው ተቅማጥም ከሰገራ እንጂ ከክሮሚየም አይመጣም። የፋብሪካው ጥፋት የእኛን ጥፋት አይሰርዘውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስለ ፌስታል ብዙ አልናገርም፤ በ2017 ዓ. ም. የሚከለክለው አዋጅ ጸድቋልና ዘንቢል መያዝ ብቻ ነው። (ይህን ለእናቴ እንደ አዲስ ግኝት ብነግራት «ዘንቢልን ለእኔ ታስተምረኛለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።) የተጠበሰበትን ዘይት ወደ ቦይ ከማፍሰስ በጠርሙስ አጠራቅሞ መድፈን ይሻላል። በወንዝ ዳር ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩትን እናቶች የሚወቅስ ሰው ደግሞ እኔን አያስደስተኝም፤ ቧንቧ የሌለው ሰው ወዴት ይሂድ? ልብሱን በሳፋ አጥበው የሳሙናውን ውሃ ከወንዙ ራቅ ብለው መሬት ላይ ቢያፈስሱት አፈሩ ጥቂት ያጣራዋል፤ ሳፋ መግዛት ደግሞ ለሰፈር ሰው ከባድ አይደለም። መኪና የሚያጥቡት ወንድሞቻችንም የተቃጠለውን የሞተር ዘይት በጀሪካን ቢያጠራቅሙት ገዢ አያጣም።

ዋናው ችግር ግን የሽንት ቤቱ ነው። በግቢያችን ስድስት አባወራ በአንድ ጉድጓድ ይጠቀማል። ባለፈው ዓመት ጉድጓዱ ሲሞላ እንደ ወትሮው ሐምሌ ይጠበቅ ተባለ። እኔም ለአባቴ የወንዙን መንገድ ከቀበና እስከ አዳማ በደብተሬ ሥዬ አሳየኋቸው፤ የመምጠጫ መኪና ለአንድ ቤት ቢከብድም ለስድስት ቢከፈል እንደሚቀልም አሰላሁላቸው። አባቴ ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመልክተው «እኅቴን ባታነሣብኝ ኖሮ እሺ አልልህም ነበር» አሉኝ።

ነገሩን ለእድር ስብሰባ አቀረቡት። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ «ውሃ ለሚወስደው ገንዘብ እንከፍላለን?» አለ፤ ውሳኔውም ለሌላ ወር ተላለፈ። በዚህ መካከል ሐምሌ ደረሰና ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት ተከፈተ። ማን እንደ ከፈተው አልተጠየቀም።

ዘንድሮ ከስድስቱ አባወራ አራቱ ድርሻቸውን ከፍለዋል፤ ገንዘቡም በአባቴ እጅ ነው። መጽሔታችን ሰኔ ላይ ስለሚወጣ፣ ይህን የሚያነብቡ ወላጆች ከሐምሌ በፊት ቢያንስ አንድ የእድር ስብሰባ ይቀራቸዋል። የወንዙን ሥዕል የሚፈልግ ካለ ከ11ኛ ክፍል በነፃ እንገለብጥለታለን።