ሚዛኑንስ ማን ይመዝነው?

ዲጂታል ሚዛን አይዋሽም ይባላል። እኔ ግን አልስማማም። ሚዛኑ የሚለካው እህሉ ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው፤ ኪሎውን የሚነግረን ከዚያ አስልቶ ነው። የመሬት ስበት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መካነ ሰላም እንደገና ሳይስተካከል ቢሠራ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ 300 ግራም ያህል አጉድሎ ያሳያል። «ምን አላት!» እንዳትሉ፤ የምትጎድለው ከሻጩ ገበሬ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ሚዛኑን ደልዳላ ቦታ ያስቀምጡት፣ ባዶውን ዜሮ ማሳየቱን ይዩ፣ ከአቅሙ በላይ አይጫኑት። ከሁሉ በፊት ግን እዚሁ ገበያ ላይ፣ ክብደቱ በተረጋገጠ ብረት ይፈተሽ። ገበሬውም «እስቲ መጀመሪያ ብረቱን መዝንልኝ» ማለት አይፈር!