ከጨርቁ ቀድሞ የሚያረጅ መስኮት

ጣሪያቸው በሚታጠፍ፣ በተለምዶ ኮንቨርተብል በሚባሉ መኪኖች ላይ ከጣሪያው ክፍሎች ሁሉ አስቀድሞ የሚያረጀው ጨርቁም ሆነ የብረት አጽሙ ሳይሆን፣ ከጨርቁ ጋር ተሰፍቶ አብሮ የሚታጠፈው የኋላ መስኮት ነው። ይህ መስኮት በብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች መስታወት አይደለም፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። መስኮቱ በተቀደደ ጊዜ ባለንብረቱ ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር የሚሰማው ምክር ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ በፕላስተር ይለጠፍ ይላል፣ ሌላው መስኮቱ ብቻ ተተርትሮ በአዲስ ይሰፋ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጣሪያው እንዳለ ይቀየር ይላል። የዚህ ዓምድ አቋም ሁለተኛው ምክር ከሚገባው በላይ ችላ ተብሏል የሚል ነው፤ የጨርቁና የፕላስቲኩ ዕድሜ ከመጀመሪያውም እኩል ስላልሆነ፣ ፕላስቲኩ ባረጀ ቁጥር ደህናውን ጨርቅ አብሮ መጣል ቁልፉ ስለተበጠሰ ሸሚዙን እንደመጣል ይቆጠራል።

ፕላስቲኩ ለምን ተመረጠ ለሚለው ጥያቄ ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ መልስ ግማሽ ነው። መስታወት አይታጠፍምና የመስታወት መስኮት ያለው ጨርቅ ጣሪያ ሲወርድ መስታወቱ እንዳለ የሚተኛበት ቦታ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቮልስዋገን ጎልፍ ካብሪዮሌት ከጅምሩ የመስታወት መስኮት የነበረው ሲሆን፣ ዋጋውንም በግልጽ ከፍሎበታል፤ ጣሪያው ሲታጠፍ ከኋላ ወንበሩ በስተጀርባ እንደታሰረ ፍራሽ ተከምሮ ስለሚቀመጥ የሾፌሩን የኋላ እይታ ይጋርዳል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የታየችው፣ አሜሪካውያን ሚያታ የሚሏት ማዝዳ ኤምኤክስ 5 በፕላስቲክ መስኮቷ ምክንያት ጣሪያዋ ከወንበሮቿ ኋላ ዝቅ ብሎ ይተኛላታል፤ ክብደቷም ቀሏል። መስኮቷ ደግሞ ከላይና ከጎን በዚፕ የሚከፈት ስለሆነ፣ ጣሪያው ከመውረዱ በፊት ዚፑ ተከፍቶ ፕላስቲኩ ሳይታጠፍ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ ማድረግ ይቻላል። ዚፑን ለመክፈት ከወንበር መነሣት የሚሰለቻቸው ሾፌሮች ግን ጥቂት አልነበሩም፤ በመስኮቶቹ መሐል የሚታየው የእጥፋት ጠባሳም የዚያ ስልቹነት ውጤት ነው። የመኪናዋ ሁለተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመጣ በአብዛኞቹ ገበያዎች መስኮቱ የማሞቂያ መስመሮች ያሉት መስታወት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በፕላስቲክ የጀመረው ፖርሽ ቦክስተርም በ2003 ሞዴሉ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ስለዚህ ዛሬ ለጥገና የሚቀርበው የተቀደደ መስኮት በአመዛኙ የ1990ዎቹ ቅሪት ሲሆን፣ መኪናው ራሱ ሃያና ሠላሳ ዓመት የዘለቀ መሆኑ ደግሞ ሙሉ ጣሪያ የመቀየሩን ወጪ ከመኪናው ዋጋ አንጻር እጅግ ያከብደዋል።

የመስኮቱን ሕመም ለመረዳት ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይበጃል። ቁሱ ፖሊቪኒል ክሎራይድ፣ በአጭሩ ፒቪሲ ይባላል፤ ደረቁ የውኃ ቧንቧ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ቧንቧው እንጨት ያህል ደርቆ መስኮቱ እንደ ጨርቅ የሚለሰልሰው በፒቪሲው ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ እርስ በርሳቸው እንዲንሸራተቱ የሚያደርግ ዘይት መሰል ኬሚካል፣ ማለትም አለስላሽ፣ ስለተጨመረበት ነው። ይህን ለስላሳ ፒቪሲ ያገኘው ዋልዶ ሲሞን የተባለ የአሜሪካው ቢ. ኤፍ. ጉድሪች ኩባንያ ኬሚስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ይፈልግ የነበረው ጎማን ከብረት የሚያጣብቅ ማስቲሽ እንጂ መስኮት አልነበረም። አለስላሹ ከሰንሰለቶቹ ጋር በኬሚካል ስላልተሳሰረ በሙቀት ጥቂት በጥቂት እየተነነ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ በዋለ መኪና የፊት መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል የሚታየው፣ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጨው ስስ ጭጋግም በከፊል ከዚሁ የሚመጣ ነው። አለስላሹ ባለቀ መጠን መስኮቱ ወደ ቧንቧነቱ ይመለሳል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በተጨማሪም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ይኸውም በዓይን የማይታየው ኃይለኛ የብርሃን ክፍል፣ ከሰንሰለቱ ላይ ክሎሪንና ሃይድሮጅን እየነቀለ ስለሚያስወጣ በሰንሰለቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃንን የሚመጥጡ ድርብ ማሰሪያዎች ይፈጠራሉ፤ መስኮቱ ቢጫ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ ስለቆሸሸ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ቢጫነት ማጠብ አያስለቅቀውም፤ ማወልወያ ቅባትም የሚያነሣው የላይኛውን ጭረትና ድብዝዝታ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ቅዳዱን እንደ ምልክት ማንበብ ይቻላል፤ ዋናው ጥያቄም ስንት ሳንቲሜትር ተቀደደ የሚለው ሳይሆን የት ላይ ተቀደደ የሚለው ነው። በእጥፋቱ መስመር ላይ፣ አስቀድሞ ነጭ ሆኖ በቆየ ጠባሳ ላይ የተከፈተ ቅዳድ አለስላሹ ማለቁን ስለሚናገር፣ ዛሬ እዚያ ቢለጠፍ ነገ ከልጣፉ ጎን መሰንጠቁ አይቀርም። ለማረጋገጥ ከመስኮቱ ማዕዘን አንዱን በአውራ ጣት በቀስታ መጫን ይበቃል፤ ተጎብጦ ቀስ ብሎ የሚመለስ ፕላስቲክ ገና ነፍስ አለው፣ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ግን አብቅቶለታል። በስፌቱ ዳር ተከትሎ የተተለተለ ከሆነ ደግሞ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ መርፌው ነው፤ ተቀራርበው የተወጉ ቀዳዳዎች ፕላስቲኩን እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዝ ስለሚያደርጉት፣ ጣሪያው በብርድ ተወጥሮ ሲቆለፍ በዚያው መስመር ይለቃል። ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም ለስላሳና ጥርት ባለ መስኮት መሐል ላይ በስለት የተሰነጠቀው፣ የሌባ ሥራ ሊሆን ይችላል። በዚህም ሰበብ አንዳንድ የኮንቨርተብል ባለቤቶች መኪናቸውን ሳይቆልፉ፣ ውስጡን ግን ባዶ አድርገው ማቆም ለምደዋል፤ ነገሩ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም፣ በር ከፍቶ ምንም ያላገኘ ሌባ መስኮት ቀዶ ምንም ካላገኘው ሌባ ይልቅ ለባለንብረቱ ይረክሳል።

ልጣፍ የሚያዋጣው ለዚህ ለሦስተኛው ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሱፐር ግሉ የሚባለው ፈጣን ማጣበቂያ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰባበር ለሚተጣጠፍ ነገር አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ለቪኒል ተብሎ የተሠራው፣ የፕላስቲኩን ገጽ በጥቂቱ አሟሙቶ ከልጣፉ ጋር የሚያዋህደው ማስቲሽ ነው። ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሮጥ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጉዳዩ ሹል ጫፍ ላይ የሚከማቸውን ውጥረት ክብ ጠርዝ ስለሚበትነው ነው። ልጣፉም ማዕዘኑ ተከርክሞ ክብ ይደረጋል እንጂ አራት ማዕዘን ሆኖ አይቆረጥም፤ የማዕዘኑ ሹል ከሁሉ ቀድሞ ይላቀቃልና። ተራው ፕላስተር ከዝናብ አንድ ሳምንት ያሻግር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሙጫው አቧራ እየሰበሰበ ስለሚጠቁር፣ ወደ ኋላ የሚያየውን ሾፌር ከቅዳዱ ይልቅ ፕላስተሩ ይጋርደዋል።

መስኮቱን ብቻ መቀየር የሸራ ሰፊ ሥራ ነው፤ መካኒኩ እዚህ ላይ የሚያደርገው ጣሪያውን ፈትቶ ማቀበል ብቻ ነው። ጥሩ ሰፊ ምላጭ ከማንሣቱ በፊት ጣሪያው ተዘግቶና ተወጥሮ ሳለ በመስኮቱ ዙሪያ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ የጨርቁን መሐልና የመስኮቱን መሐል አንድ ላይ የሚያገጣጥመው መስመር በኋላ ከጠፋ አዲሱ መስኮት ጠምዘዝ ብሎ ስለሚሰፋ፣ ጣሪያው ሲዘጋ በአንድ ወገን ይጨማደዳል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ስፌት በምላጭ አንድ በአንድ ይተረተራል። አሮጌው ፕላስቲክ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ሆኖ የሚያገለግል ቢሆንም በዘመኑ ስለሚኮማተር፣ ልኩ ከጨርቁ ክፍተት ጋር መመሳከር አለበት። አዲሱ ፕላስቲክ እንዳይጫር ወረቀት ተሸፍኖ የሚመጣ ሲሆን፣ ወረቀቱን ስፌቱ እስኪያልቅ አለማንሣት የባለሙያው መለያ ነው። የፕላስቲኩ ጠርዝ ከጨርቁ ጋር የሚያያዘው በስፒል አይደለም፤ ጨርቅ በስፒል ቢወጋ ክሩ ተመልሶ ይገጥማል፣ ፕላስቲክ ላይ ግን እያንዳንዱ ውግ ለዘለዓለም ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በስፒሉ ፋንታ በሁለቱም ገጽ የሚለጥፍ ስስ ፕላስተር በጠርዙ ይዘረጋል።

ስፌቱ ላይ ሦስት ነገር ይታያል። ርምጃው፣ ማለትም በሁለት የመርፌ ውጎች መካከል ያለው ርቀት፣ ለሸሚዝ እንደሚሰፋው ሳይሆን ሰፋ ብሎ አራትና አምስት ሚሊሜትር ቢሆን ፕላስቲኩ የቴምብር ጠርዝ ከመሆን ይድናል። ክሩ ፀሐይ የሚችል ፖሊስተር ይሁን፤ ናይለን ቢጠነክርም ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል፣ ጥጥ ደግሞ በእርጥበት ይበሰብሳል። የስፌት መኪናው እግር ፕላስቲኩ ላይ እየተጣበቀ ስለሚጎትት፣ ቴፍሎን እግር የሌለው ሰፊ ስስ ወረቀት በመሐል አስገብቶ ይሰፋና በመጨረሻ ወረቀቱን ይቀድደዋል። የአየሩ ሁኔታም አይናቅም፤ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥና በብርድ ስለሚሰበሰብ፣ በቀትር ሐሩር ተወጥሮ የተሰፋ መስኮት በብርድ ጠዋት ስፌቱን ይጎትታል፤ ለብ ባለ ጥላ ሥር መሥራት ይመረጣል። በፋብሪካ የሚሠሩ መስኮቶች ብዙዎቹ ሳይሰፉ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የራዲዮ ሞገድ ፕላስቲኩ ከጨርቁ ጋር ቀልጦ እንዲጣበቅ ስለሚደረግ ውኃ የሚያስገባ ቀዳዳ የላቸውም፤ የተሰፋው ግን መጀመሪያ ዝናብ ላይ በመርፌ ቀዳዳው ጠብ ጠብ ሊያደርግ ስለሚችል የስፌት መድፈኛ ይቀባለታል። ይህች ጉድለት እውነተኛ ናት፤ ሆኖም ሙሉ ጣሪያ ለማስቀየር የምትበቃ ምክንያት አይደለችም።

ፕላስቲኩን በመስታወት መተካት የሚሉም አሉ፤ ለማዝዳዋም የመስታወት መስኮት ያለው ጣሪያ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ማሞቂያው ጉም ያነሣል፣ ጭረት የለም፣ ቢጫነት የለም። የሚታጠፍበት ቦታ ባልተለካለት መኪና ላይ ግን መስታወቱ ሲወርድ ከአጽሙ ጋር እንዳይጋጭ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ጨርቁም በክብደቱ ይወጠራል። ጨርቁ ራሱ ሞቶ ሙሉ ጣሪያ መግዛት ግድ ለሆነበት ሰው ምርጫው መልካም ነው፤ ጨርቁ ደህና ለሆነ ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮንቨርተብል በመንገድ ላይ ብርቅ ቢሆንም ችግሩ ብርቅ አይደለም። የባጃጅ ሸራ ከኋላው የሚሰፋበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ ጥቂት ዓመት የሠራ ባጃጅ ከኋላ ሲታይ ፕላስቲኩ ወይ ጭስ መስሏል፣ ወይ ከስፌቱ ተላቅቆ በነፋስ ይርገበገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ አልትራቫዮሌት ጨረርም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ፕላስቲኩ እዚህ ከጠረፍ ከተማ ይልቅ ቶሎ ቢደክም አያስገርምም። የባጃጅ ሸራ ሰፊው ግን ጣሪያው ይቀየር አይልም፤ የተበላሸውን ቆርጦ አዲስ ፕላስቲክ ይሰፋበታል። በሌላው ዓለም ብዙ ጋራዦች የረሱት ነገር እዚህ ተራ የዕለት ሥራ ነው።

ከተሰፋ በኋላ ያለው እንክብካቤ ጥቂት ነው። መስኮቱ አቧራ ለብሶ በደረቁ አይወለወልም፤ የአቧራ ቅንጣት ከጨርቁ ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቅ፣ አስቀድሞ በብዙ ውኃ ይታጠባል። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ አይነካውም፤ ሶፍትም ሆነ ጋዜጣ ይጭረዋል። በብርድ ጠዋት ጣሪያው አይወርድም፤ የግድ ከሆነ መኪናው ውስጡ እስኪሞቅ ይጠበቃል። ዚፕ ያለው ይከፈታል፣ ዚፕ የሌለው ደግሞ ጣሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆም ተብሎ ፕላስቲኩ በሚታጠፍበት ቦታ የተጠቀለለ ፎጣ ይገባበታል፤ እጥፋቱ ሹል ሆኖ በመሰበር ፋንታ ክብ ሆኖ ይጎብጣል። የተተረተረው አሮጌ መስኮትም ወደ ቆሻሻ አይሄድም፤ ጠመኔው ሳይጠፋ፣ የላይና የታች ጠርዙ ተጽፎበት፣ ተጠቅልሎ ከሰፊው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ያው መኪና ሲመለስ ልኩ ከዚያ ይወሰዳል።