ሽፋኑን አየነው፤ ዘፈኑስ?

ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንጨት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማጫወቻ፣ በላዩ ጥቁር ሸክላ፣ ጎኑ ላይ ተደግፎ የቆመ ሽፋን፣ ከፊቱ ደግሞ ትኩስ ቡና። ከሥሩ «አሁን እየሰማሁት ያለሁት» የሚል ጽሑፍ። ብዙ ሰው ላይክ ያደርጋል። አንዱ «የት አገኘኸው?» ይላል፣ ሌላው «ስንት ገዛኸው?» ብሎ ይጠይቃል። «ዘፈኑ ስለምንድነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

እኔ የዲላ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ፎቶው ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ቡናው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ይርጋጨፌ ነው፤ ባለፎቶውም ስሙን በኩራት ይጽፈዋል። ያኔ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቡናውም ሸክላውም ከዚህ ሀገር በርካሽ ወጥተው፣ ሌላ ቦታ አምረው ታሽገው፣ እኛ በማንደርስበት ዋጋ የሚሸጡ ናቸው። ይሄን የማነሳው ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም። የምለው ግን አለኝ፦ ሸክላ ማሳየት ሸክላ ማካፈል አይደለም። እንዲያውም አሁን በያዝነው መንገድ ማሳየቱ የማካፈሉን ቦታ እየወሰደበት ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ይህን ክልከላ ጥሶ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ሀገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ባሕር ተሻግሮ ታትሞ ነው የተመለሰው። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስ ወደ መቶ የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ትልልቅ አልበሞች አወጣ። ፊሊፕስም ካይፋም በዚያው ገበያ ውስጥ ነበሩ። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ያ ሰው መንግሥትን የተዳፈረው መደርደሪያ ላይ የሚያምር ዕቃ ለማቅረብ አልነበረም። ሰው ሙዚቃውን እንዲሰማ ነው።

ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፣ በየፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል። ሦስት አራት ደቂቃ ሳይሞላ መርፌውን አንስቶ የሚገለብጠው ሰው ይፈልጋል። አጎቴ ዲላ ውስጥ ቡና ቤት ነበረው፤ የመገልበጡ ሥራ የሱ ነበር። ቡና በሚሸጥበት ወራት ቤቱ በሰው ይሞላል። ነጋዴው፣ ወደ ሞያሌ የሚያልፈው ሾፌር፣ ከገጠር ቡናውን ሸጦ የመጣው ገበሬ፣ ሁሉም አንድ ሸክላ ይሰማሉ። አንዱ «ያቺን ድገማት!» ይላል። አማርኛ የማይሰማ ካለ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግጥሙን በጌዴኡፋ ይነግረዋል። አጎቴ ይህን ሲያወራ ስለ ሸክላው ሽፋን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። የሚያስታውሰው ማን የቱን ዘፈን ይወድ እንደነበር ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ፣ ማጫወቻው ተበላሸ፣ መርፌም ጠፋ። ሸክላዎቹ ካርቶን ውስጥ ሆነው አልጋ ሥር ገቡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጣና ካርቶኑን እንዳለ ገዛው። ጨዋ ልጅ ነበር፣ ቡና ጠጥቶ ነው የሄደው። አጎቴም ብሩን ሲቀበል ደስ ብሎት ነበር። ገዢውን አልወቅስም። የምወቅሰው ራሴን ነው። ካርቶኑ ውስጥ የትኞቹ ዘፈኖች እንደነበሩ አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ሳልጽፍ ነው የሸኘሁት። ስንት እንደተሸጠ አውቃለሁ፤ ምን እንደተሸጠ አላውቅም።

አሁን ከነዚያ ሸክላዎች አንዳንዶቹ ውጭ ሀገር በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ቡናውን አስታውሱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ነገሩ ከስታርባክስ ጋር አነጋግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ገበሬው በቂ አገኘ አላገኘ ሌላ ክርክር ነው። ቢያንስ ግን «ይሄ ስም የማን ነው?» የሚል ጥያቄ በአደባባይ ተነስቷል። በዘፈኑስ? አንድ አሮጌ ሸክላ አውሮፓ ውስጥ እንደገና ሲታተም ድራም የመታው ሰው ማን እንደነበር፣ ቤተሰቡ አንድ ነገር ደርሶት እንደሆነ ከኛ መካከል ማን ጠየቀ? ፎቶ ለማንሳት ግን እንሽቀዳደማለን።

ደግሞ የምናሳየው ምንድነው? ያው ሁሌ የምናያቸው አምስት ስድስት ሽፋኖች። ከነሱ አንዱ፣ የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ነገር እነዚህ ጥቂት ሽፋኖች ብቻ ከሆኑ፣ ሸክላ ያልደረሰው ሕዝብ ሁሉ ዘፍኖ አያውቅም ማለት ነው? በጌዴኡፋ የተዘፈነ ሸክላ በእጄ ይዤ አላውቅም፣ ይዣለሁ ያለኝም ሰው አላጋጠመኝም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ትክል ድንጋዮቹ፣ እንሰቱና ቡናው በወረቀት ሰፍረዋል። በደራሮ በዓል የሚያዜሙት ሽማግሌ ድምፅ ግን የሚቀመጠው በአንድ ሰው ስልክ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

«ቆይ እንጂ፣ ፖስቱ ባይኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ባያወጣቸው ኖሮ፣ ብዙዎቻችን እነዚህን ዘፈኖች ባልሰማን። ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ሳለ ነው የ1985ቱ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ የመለሰው። ካሴቱን ያገኘው አሜሪካዊ ግን ፎቶ አንስቶ አልተቀመጠም። ባለቤቱን ፈልጎ አገኘ፣ ጠየቀ፣ ተስማማ፣ ከዚያ ሰው እንዲሰማው አደረገ። እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። የውጭ ሰው ባሕር አቋርጦ የሚጠይቀውን እኛ እዚሁ ጎረቤታችንን መጠየቅ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ልመናዬ ቀላል ነው። ፎቶውን ተዉ አልልም። ስትለጥፉት ግን ሸክላውን ገልብጡና የሁለቱንም ፊት ዘፈኖች ስም ጻፉ። ማን እንደዘፈነ፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበ፣ የት ከተማ ከማን ቤት እንደተገኘ ጨምሩበት። ዘፈኑ ምን እንደሚል በሁለት መስመር ንገሩን። በወር አንዴ ደግሞ ማጫወቻውን ከክፍላችሁ አውጡትና ማጫወቻ የሌለው ሰው ባለበት ክፈቱት። ሽማግሌ ጥሩ፤ የዚያ ዘመን ሰው አንድ ዘፈን ሲሰማ የሚያወራው ታሪክ የትኛውም ሽፋን ላይ አልተጻፈም።

ዲላ ላላችሁት ደግሞ የተለየ የቤት ሥራ አለ። እኛ ሸክላ ባይኖረንም ስልክ አለን። በሚቀጥለው ደራሮ ስልካችሁን ወደ ራሳችሁ ፊት ሳይሆን ወደ ዘፋኙ አዙሩ። አስፈቅዱ፣ ስሙንና ቀበሌውን መዝግቡ፣ ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ፣ ለራሱም አሰሙት።

እኔ ጀምሬያለሁ። አጎቴ አሁን አርጅቷል፣ ግን የካርቶኑን ዘፈኖች አንድ በአንድ እያስታወሰ ያንጎራጉርልኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ደርሰናል። የአንዱንም ሽፋን አላስታወሰም።