የነጠፈች ላም ቀለብ

ለእስራኤል ፓርላማ (ክኔሴት) የመንግሥት ቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፤ ከአሽቀሎን፣ ከአቲቆት ሰፈር



በአቲቆት አንዲት እናት ጤፍ ገዝተው ሲመለሱ ደረሰኙን አይጥሉትም። በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩትና ማታ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክሱ (ማዓም) ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ ማለቱን ያወቁት እንዲሁ ነው። “ጭማሪው ለምን ይሆን?” ይላሉ። “ለጦርነቱ” ይላቸዋል ልጁ። እውነቱን ነው፤ ግን ከዚያው ቋት ሥራ የሌላቸው ሚኒስቴሮችም ሲቀለቡ ኖረዋል።

በሜይ 2020 የተመሠረተው 35ኛው መንግሥት ከ30 በላይ ሚኒስትሮች ነበሩት። ከፍተኛ ትምህርትና የውኃ ሀብት ለአንድ ሚኒስትር በጋራ ተሰጡ፤ የውኃ ባለሥልጣኑም የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤቱም ግን ቀድሞ በየቦታቸው ነበሩ። የስለላ ሚኒስቴርም ነበር። የውጭ ስለላ ድርጅቱ ሞሳድም የውስጥ ደኅንነቱ ሻባክም ተጠሪነታቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለሆነ አንዱንም ማዘዝ አይችልም ነበር። ይህ ሚኒስቴር የተዘጋው ገና በ2024 ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው የሕዝብ ማስረዳት ሚኒስቴር ታሪክ ነው። ጋሊት ዲስቴል አትባርያን በ2023 ይህን መሥሪያ ቤት ይመሩ ነበር። የኦክቶበር 7ቱ ጥቃት በደረሰ በአምስተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሥራውን ሌሎች አካላት ይዘውት ሳለ መቆየት የሕዝብ ገንዘብ ማባከን እንደሚሆን ራሳቸው ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ቃል ከወንበር ላይ ሆኖ መናገር ድፍረት ይጠይቃል፣ ሊመሰገኑበትም ይገባል። ነገር ግን እሳቸው ዝም ቢሉ ኖሮ ማን ይናገር ነበር? ሚኒስቴር ሥራ ቢፈታም ወጪው ሥራ አይፈታም። ኪራዩ፣ አማካሪው፣ ቃል አቀባዩ፣ መኪናውና ሾፌሩ፣ በር ላይ የቆመው ጥበቃ በየወሩ ይከፈላቸዋል።

በጎንደር ገጠር ላደጉ የአቲቆት ሽማግሌዎች የነጠፈች ላም መቀለብ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቷ ግን መቼ እንደምትወልድ ያውቃል፤ ድርቆሹንም በዚያው ልክ ይሰፍራል። ለነዚህ መሥሪያ ቤቶች ቀን የቆጠረላቸው የለም።

በአሽቀሎን ሳይረን ሲጮህ ለመጠለል ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ነው። የቤት ውስጥ መከለያ ክፍል፣ ማማድ፣ በሕግ ግዴታ የሆነው ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በ1992 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ሕንጻዎች የሚኖር ሰው ወደ ደረጃው ወይም ወደ ሰፈሩ የሕዝብ መጠለያ፣ ሚክላት፣ ይሮጣል። ጉልበታቸው የከዳቸው አያት በአንድ እጃቸው የብረቱን ድጋፍ ይዘው፣ በሌላው ነጠላቸውን ሰብስበው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳሉ 30ው ሴኮንድ ያልቃል። በሜይ 2021 በዚህች ከተማ ሁለት ሴቶች በሮኬት ተገድለዋል። የአንድ ሥራ ፈት ቢሮ ኪራይ ስንት የሚክላት በር ያሳድስ እንደነበር ማስላት ከእናንተ ይጠበቃል።

የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሕግ ከ1949 ጀምሮ አለ። ኮሚቴያችሁንም በልማድ የሚመራው የተቃዋሚ ወገን አባል ነው። ስለዚህ ሥልጣን አልጎደለም። የጎደለው ጊዜው ነው፤ ሪፖርቱ የሚደርሰው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግን በ1977 የወጣ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት አንድ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ዓመቱ ይመረመራል፤ ምክር ቤቱ እንዲቀጥል ካልወሰነ በቀር ራሱ ይዘጋል። ማስረዳት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ግብር ከፋዩ አይደለም።

በክኔሴትም ይህን የመሰለ ሕግ ይውጣ፤ አዲስ ሚኒስቴር ሁሉ ሲከፈት የሚመረመርበት ቀን አብሮት ይጻፍ። በየዓመቱም ሠራተኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነና ምን እንደሠራ በአንድ ገጽ ይውጣ፤ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ።

ምርመራው ግን ሕጉን መጠበቅ የለበትም፤ ከተዘጉት ይጀመር። የስለላ ሚኒስቴሩ ሠራተኞች ወዴት ተዛወሩ? የቢሮው የኪራይ ውል መቼ ተቋረጠ? መኪኖቹስ በማን እጅ ናቸው? ኮሚቴው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በሚቀጥለው ስብሰባው ያንሣቸው፤ መልሳቸውንም በቀን ወስኖ ይጠይቅ።